የመኪናዬ የኋላ እግር

መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሰሞኑን በአስተዋይነትም ሳትበልጠኝ አትቀርም ማለት ጀምሬያለሁ።

ጣሊያን የሠራት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ጀርባዋ አጠር ያለ ቀይ መኪና ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ግቢ፣ ዘይቱን ዛፍ ሥር ዶሮ ሲያድርባት አግኝቼ ነው የገዛኋት። ሰውየው በወጣትነታቸው እሽቅድምድም ይወዳደሩባት እንደነበር ሲያጫውቱኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ትዝታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለእኔ አዝነው ነው።

እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። አባቴም ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከየመን ተሻግሮ የመጣው የአባቴ አያትም እንደዚሁ። በዘራችን ከጨርቅ ሌላ ነገር የነካ ሰው አልነበረም። የነካሁት እኔ ነኝ፤ የሆንኩትንም ልንገራችሁ።

የመኪናዋ ሞተር አይታማም። ሸዋ በር ላይ ስትነሳ አራዳ ድረስ ትሰማለች። ችግሯ ከኋላዋ ነው። ቆማ ላያት ሰው ልትቀመጥ ቦታ የምትፈልግ ትመስላለች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን ደህና ናት፤ ኩርባ ሲመጣ ግን ፊቷ እኔ ወዳዘዝኳት ሲሄድ ኋላዋ የራሱን አቅጣጫ ይመርጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ለማያውቅ ደግሞ፣ ያ መንገድ ቀጥ የሚለው ሲያልቅ ብቻ ነው።

በዚያ ቁልቁለት በየሳምንቱ የምመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐያት ትባላለች። ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አገሯ ቢስቲማ ነው። ንግግሯ ጥቂት ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት የማወራውን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። ልንጋባ ተስማምተናል፤ የቀረው ሽማግሌ ተልኮ አባቷን ሐጂ ሙሄን መጠየቅ ነበር። ለአባቷም ስለ እኔ አስቀድማ ሹክ ብላቸዋለች። ረጋ ያለ ሰው ነው ብላ።

አንድ ቀን ካፊያ እየጣለ አብረን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ኩርባው ላይ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ መጥቶ ፊቷን ቀደመው። ስንቆም አፍንጫዋ ወደ መጣንበት ዞሯል። ሁለታችንም ምንም አልሆንንም። ሐያት ከፊት ለፊቷ ያለውን የደሴን ተራራ ጥቂት አየችና፣

«ወደ ደሴ ልንመለስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወርዳ ሚኒባስ ያዘች። ከመሄዷ በፊት፣ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት የዚህችን ኋላ አሠራ፣ ለአባቴ ያልኩትን ውሸት አታድርግብኝ አለች። የመምረጥ መከራዬ የጀመረው በዚህ ነው።

መካኒኩ እንድሪስ ደሴ ውስጥ የድሮ መኪና የሚቀበል ብቸኛ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በር ይዘጋሉ። ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየና ሲወጣ፣ ባሌስትራው ደክሟል አለኝ። ባሌስትራ ማለት የኋላውን ሸክም የሚችለው፣ እንደ ቀስት የጎበጠው ድርብርብ ብረት ነው። የእኔው ጎብጦ ጎብጦ ተኝቷል። እንድሪስ ሦስት መንገድ አሳየኝ። ከፒካፕ መኪና የተፈታ ብረት ይደረብበታል፤ ሸክም ይችላል፣ ግን ይራገጣል። ወይም ባሌስትራው ተነቅሎ ለስላሳ ሞላ ይገባል፤ ይመቻል፣ ግን ያወዛውዛል። ወይም ደግሞ እንደ እሽቅድምድም መኪና ደረቅ ሞላ፣ ንዝረት ከሚገታው ከደረቅ አሞርዛተር ጋር ይገባል፤ ኩርባ ላይ ንቅንቅ አይልም፣ ግን መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ በጀርባህ ታነበዋለህ አለኝ። ምረጥ አለና ምሳውን ሊበላ ሄደ። እኔ ለደንበኛ ጨርቅ ሳስመርጥ እንዲህ ጨክኜ አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ሱቄ የመኪና ጉባዔ ሆነ። ለአቡጀዴ የመጣው ሰው ስለ ባሌስትራ መክሮኝ ይሄዳል። ለመጋረጃ የመጡ አንድ እናት ሟች ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበሩ ነግረውኝ፣ በሞላ እንዳልታለል አስጠነቀቁኝ። መጋረጃውን ግን አልገዙም። እኔም ምክራቸውን ሰምቼ የመጀመሪያውን መንገድ መረጥኩ።

ኋላዋ ተነሳ። ከመነሳትም አልፎ ፌንጣ መሰለች። የፊት መብራቷ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። በደሴ ኮብልስቶን ላይ ባዶዋን ስትሄድ ትዘል ነበር። እንድሪስ ችግሩ ሸክም ማጣቷ ነው ስላለኝ፣ እንድትቀመጥልኝ ብዬ ግማሹን ሱቄን ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ከፋይ ጨርቅ ሲጠይቀኝ ሱቁን ዘግቼ መኪናዋ ወደቆመችበት መንገድ ዳር ይዤው መሄድ ነበረብኝ። ሰው እዚያ ቆሞ ጨርቅ ሲመርጥ አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል፤ ተሰብስቦም ስለ ባሌስትራ ይመክረኛል። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚል ላለማሰብ እጣጣር ነበር።

ሁለተኛውን ሞከርኩ። ለስላሳው ሞላ ገባ። ከተማ ውስጥ ስነዳት ፍራሽ ላይ የተኛሁ መሰለኝ፤ በቃ ተገላገልኩ አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ግን በየኩርባው ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች፣ ተመልሳ ቀና ትላለች፣ ከዚያ ሐሳቧን ትቀይርና እንደገና ታጋድላለች። ኮምቦልቻ ስደርስ ፊቴ አመድ መስሏል። ሐያት ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ አየችኝና ሰላምታዬን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከነውሃው አንድ እንክብል ይዛልኝ መጣች። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው።

ተስፋ መቁረጥ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው በጤና፣ በኑሮ፣ በልጅ ይጨነቃል። እኔ በሞላ ተጨንቄ ምግብ አልወርድ አለኝ። ጓደኛዬ ጀማል ያገኘኝ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው። ጀማል ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የራሱ መኪና የለውም፤ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ስለ መኪና ግን ስልኩ ላይ ያላየው ነገር የለም። ለስላሳ ነገር ለጡረተኛ ነው አለኝ። ይህች መኪና እኮ የተሠራችው ለመብረር ነው፤ አንተ ግን አልጋ ልታደርጋት ትፈልጋለህ ብሎ ወቀሰኝ። እውነት ለመናገር ልቤም ያለው እዚያው ነበር። ደረቁን ሞላ ከነአሞርዛተሩ ከእሱ ወሰድኩና እንድሪስ ዘንድ አስገባሁ፤ እንድሪስም ተጨማሪ ብረት በይዶ ገጠመልኝ።

በሚቀጥለው ቀን ቁልቁለቱን ስወርድ የመኪናዬ ኋላ ፊቷን ተከትሎ መጣ። ይህን ስናገር አሁንም ደስ ይለኛል። ኩርባው ሁሉ ላይ እንደተጣበቀች ወረደች። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ኮምቦልቻ እስክደርስ ድረስ ከእኔ የተሻለ ሰው በወሎ ምድር አልነበረም።

ደሴ ስመለስ ኮብልስቶኑ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ጥርሱ የራሴ ነው፣ ማንንም አይመለከትም ብዬ ተጽናናሁ። እናቴን አንድ ጊዜ ከቤት እስከ ገበያ ባሳፍራት፣ ከዚያ በኋላ ዶክተር በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል ማለት ጀመረች። የትኛው ዶክተር እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ደረሰ። ሐያት ደውላ ሽማግሌዎቹ በምን እንደሚሄዱ ጠየቀችኝ። በመኪናዬ ነዋ አልኩ። ሚኒባስ ብንከራይላቸው ምናለ፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ ቢስቲማ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ አለችኝ። እኔ ደግሞ ተቀየምኩ። ይህን ሁሉ መከራ አይቼ ያሠራኋትን መኪና አማቶቼ በር ላይ ሳላቆማት ነው እንዴ የማገባው?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አጎቴ ይማም፣ የሰፈራችን ሼህ ሰይድ፣ እና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ። ሦስቱም የተከበሩ፣ ሦስቱም ወገባቸው ድሮ የነበረው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ከፊት ያለውን ወንበር አጥፌ ሼህ ሰይድንና ጋሽ ታደሰን ወደ ኋላ ሳስገባ፣ አንዱ እግራቸውን አንዱ ራሳቸውን አስቀድመው ነው የገቡት። አጎቴ ከፊት ተቀመጡ። የሚናገሩትን በቃላቸው አጥንተው ስለነበር መንገዱን ሙሉ ይለማመዱት ነበር።

እስከ ሐይቅ አስፋልት ነው። ሼህ ሰይድ ማሻአላህ፣ ወንበሩ ዝቅ ማለቱ እንጂ መኪናስ መኪና ናት አሉ። ከሐይቅ ተገንጥለን ጠጠራማውን ፒስታ ስንይዝ ግን የአጎቴ ንግግር መቆራረጥ ጀመረ። «የመጣነው ለበጎ…» ሲሉ ጉድጓድ ይመጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሼህ ሰይድ ቁርአን መቅራት ያዙ። ጋሽ ታደሰም በበኩላቸው የሚያውቋቸውን መላእክት በስም ይጠሩ ነበር። በመስታወቱ ሳይ ሁለቱም ጣሪያውን በእጃቸው ደግፈዋል። ቀስ ብዬ ስነዳ እያንዳንዱን ጠጠር ለየብቻ እናገኘዋለን፤ ስፈጥን ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ።

ቢስቲማ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሼህ ሰይድ በትሕትና፣ «ልጄ፣ እስቲ አቁምልን፣ እግራችንን እናፍታታ» አሉኝ። ወረዱ። ከዚያ ግን ተመልሰው አልገቡም። እነሱን ለማስወረድ ከፊት ወርደው የነበሩት አጎቴም ተከተሏቸው። ከተማው የገባነው እንደዚያ ነው። ሦስት አቧራ የለበሱ ሽማግሌዎች ወገባቸውን ይዘው ከፊት ይራመዳሉ፤ ባዶ ቀይ መኪና ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ ትከተላለች። አህያ የሚነዱ ሴቶች ቆመው አዩን። ማንም አልሳቀም። የቀብር ሥነ ሥርዓት ሳይመስላቸው አልቀረም።

ጠያቂው ራሱ ቤት አይገባምና መስጊዱ አጠገብ ጥላ ሥር ሆኜ ጠበቅኋቸው። ብዙ ቆዩ። ቶሎ እሺ ቢባሉ ቶሎ ይወጡ ነበር፣ ቶሎ እምቢ ቢባሉም እንደዚሁ፤ ምን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ብቅ አሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። እጃቸው ጀርባቸው ላይ ነው። አጠገቤ ሲደርሱ ከአጎቴ በቀር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው፣

«አብሽር» ብቻ አሉኝና አለፉ።

የእኛን አገር አብሽር ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞትበት አብሽር ይባላል፣ ንብረቱ ሲጠፋ አብሽር ይባላል። ሦስቱም ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ቦታ አለኝ ብዬ አልጠራኋቸውም፤ በምን አፌ?

ብቻዬን ተመለስኩ። ሐያት ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ አይሠራም። ሐይቁ ዳር አቁሜ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ሴት ልጅ በሞላ ምክንያት ያጣ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሞላውን ነቅዬ ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው አሰብኩ፤ ግን ተበይዷል። በእጄ አይነቀልም፤ መፍቻም አልያዝኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሳ የሚሸጥ ሰውዬ መጥቶ አሳ ትገዛለህ ወይ ሲለኝ እምቢ ማለትም ስላቃተኝ ገዛሁ።

ያንን አሳ ይዤ በአሱር ሶላት ሰዓት አጎቴ ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ባለቤታቸው ወገባቸውን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ያሹላቸዋል። እንዴት ብለው እምቢ አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን እምቢ አለ?» አሉ ፊታቸውን ከትራሱ ሳያነሱ። «እሺ ብለውናል እኮ። ደስ ይበልህ ብዬ አብሽር አላልኩህም?»

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። ሐጂ ሙሄ በራፍ ድረስ ወጥተው ተቀብለዋቸው፣ እንዲቀመጡ ለምነዋቸዋል። እነ አጎቴ ግን ወገባቸው አልታጠፍ ስላለ፣ መቆሙ ይሻለናል አሉ። ሐጂ ሙሄ ይህን የሰሙት በደንቡ መሠረት ነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ማለታቸው መሰላቸው። አጎቴ ያጠኑት ንግግር መንገድ ላይ ስለጠፋባቸው ባጭሩ ልጅህን ለልጃችን አሉ። እንደ ወጉ ሐጂ ሙሄ ቀጠሮ ሰጥተው ሊያሰናብቷቸው ነበር። ዘመድ እስኪማከር ተቀመጡ አሉ፤ አልተቀመጡም። ምግብ ቀረበ፤ ቆመው በሉ። ጋሽ ታደሰማ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። በመጨረሻ ሐጂ ሙሄ ሌሎቹን ልጆቼን የጠየቀ ሁሉ ገና ሳልጋብዘው ይቀመጥ ነበር፤ እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ወገን አላየሁም ብለው እዚያው ፈቀዱ።

ደስ አለኝ። ዋሽቼ አልነግራችሁም፣ አሳውን ለአጎቴ ሚስት ሰጥቼ እየዘለልኩ ነው የወጣሁት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየልኝም። ትዳሬ የቆመው በሦስት ሰዎች ወገብ ሕመም ላይ ነው፤ ሐጂ ሙሄ አንድ ቀን እውነቱን ካወቁስ? መጀመሪያ ነገር ይህን ሞላ ማስነቀል አለብኝ ብዬ እንድሪስ ጋ ስሮጥ፣ ገጠር ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ሐጂ ሙሄ ራሳቸው ደወሉ። ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ ለዓይናቸው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። ሚኒባስ እንዳይዙ፣ እኝህ እናት ገና ሲሳፈሩ ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ያቺ ሽማግሌ ያመጣህባት መኪናህ አለች አይደል፣ በእሷ ብትወስደን አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። እምቢ ብል ምን እላለሁ?

ጀማል ከጎማው ላይ ትንሽ አየር ቀንስ አለኝ፤ ቀነስኩ። እኔም በራሴ ብልሃት ከሱቄ ያለውን ወፍራም ወፍራም ጣቃ ጨርቅ አምጥቼ የኋላውን ወንበር ደራርቤ አነጠፍኩት። ለብሶት የማያውቀውን ከፋይ ለበሰ። ቢስቲማ ደርሼ ሐጂ ሙሄን ከፊት ላስቀምጣቸው ስል፣ የሚያዞራት እሷ ናት ብለው ለሚስታቸው ለቀቁና ራሳቸው ወደ ኋላ ገቡ። ጨርቁ ላይ ሲቀመጡ ኮፍያቸው ጣሪያውን ነካ። የጨርቁ ቁመት ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ጠጠሩን ሊያለዝብላቸው ያነጠፍኩት፣ ጣሪያውን አቅርቦላቸው ኖሯል።

ተነሳን። ፒስታው ያው ፒስታ ነው። በመስታወቱ ሐጂ ሙሄ አንድ ጊዜ ይታያሉ፣ አንድ ጊዜ ይጠፋሉ። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብለው ነበር። ቀጥሎ ሁለቱን እጃቸውን ጣሪያው ላይ ሲያደርጉ አየኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህች ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«እዚህ፣ ከኋላ?»

«ሁለቱ እዚያ ነበሩ።»

በመስታወቱ ፊታቸውን ሳይ ነገሩ ሲገባቸው አየሁት፤ ያን በራፍ፣ ያን ግድግዳ፣ ያን የጋሽ ታደሰን እንባ እያሰቡ እንደሆነ አወቅሁ። ለሠርጌ አለቀስኩ፣ በልቤ። ሐያትን ምን እንደምላት ማሰብ ጀመርኩ። አቁም አሉኝ፤ አቆምኩ። እማማ ዘሃራ ወርደው፣ የፊተኛው ወንበር ታጥፎ፣ ሐጂ ሙሄ በብዙ ጉተታ ወጡ። ወገባቸውን ይዘው መንገዱ መሀል ቆሙና ብዙ ተነፈሱ። እኔ ወርጄ ጫማቸውን ለመሳም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አቆሙኝ።

«ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «መቀመጥ ግን አልችልም።»

በእግራቸው ወደ ሐይቅ ጉዞ ጀመሩ። እማማ ዘሃራ ተመልሰው ከጎኔ ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ። እኔ የሚሉትን እየፈራሁ ማርሽ አስገብቼ ቀስ ብዬ ከባላቸው ኋላ መከተል ጀመርኩ። ሲጨንቀኝ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይህን ደረቅ ሞላ መካኒኩ እንደተመለሰ አስነቅለዋለሁ፣ በአላህ ይሁንብኝ አልኳቸው።

እማማ ዘሃራ ዞረው አዩኝ።

«እንዳትነካው» አሉ። «በዕድሜዬ ሳያዞረኝ የሄድኩበት መኪና ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንደ እርጎ ይንጠኛል። እንዲሁ ትኑር።»

ፊት ለፊቴ ሐጂ ሙሄ ወገባቸውን ይዘው ያዘግማሉ። ከጎኔ እማማ ዘሃራ መስኮቱን ከፍተው ነፋስ ይቀበላሉ። ያለ እንክብል፣ ያለ ሎሚ፣ ፊታቸው ወዝ በወዝ ሆኗል። ለአንዱ ባለሰልሰው ሌላዋ ይታመማሉ፤ ለአንዷ ባደርቀው ሌላው ይሰበራሉ፤ ሁለቱም የሐያት ወላጆች ናቸው፣ ሁለቱም ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ ኢንሻ አላህ። እንድሪስ ከለቅሶ ተመልሶ ምረጥ ሲለኝ ምን እንደምለው እያሰብኩ ሳለሁ እማማ ዘሃራ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ቀጠሯችን ያልፋል እኮ» አሉ፣ በእጃቸው ወደ ባላቸው እያመለከቱ። «እለፈው፤ በሚኒባስ ይደርስብናል።»